የአዋሽ ዳር አኻያ ለምን በበጋ ይደርቃል?

ወንጂ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ በታች አዋሽ ዳር ክረምት ክረምት ጎርፍ የሚያለብሰው ሜዳ አለ። ዳሩን ውሃ እየበላው ስለሆነ አኻያ መልሶ ሊተከልበት ታስቧል። በሰኔ የተተከለው ቁራጭ ጣት ያክላል፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥሩ አቆጥቁጦ ነበር፣ ታኅሣሥ ላይ ግን ውሃው ጥግ ካለው በቀር ሁሉም ደረቀ። አፈሩ ነው ወይስ አተካከሉ? ከአኻያውስ ጋር ምን ይተከል?

አፈርና ውሃ፦
አፈሩን ተወው፣ ከፍታው ነው። ቁራጭ ሥር ሳያወጣ በግንዱ ስንቅ ብቻ ቅጠል ያወጣል፤ ስለዚህ ማቆጥቆጡን እንደ መጽደቅ አትቁጠረው። ክረምቱ ሲያልፍ የከርሰ ምድር ውሃው ይወርዳል፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ደግሞ ተከትሎት አይወርድም። መጀመሪያ የካቲት ላይ ጉድጓድ አስቆፍርና ውሃው ስንት ላይ እንደሚገኝ ለካ። ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ካልራቀ የ1 ሜትር ቁራጭ ይበቃል። ከዚያ ከራቀ እስከ 2 ሜትር የሚሆን አጠና ያስፈልጋል።

ከ2 እስከ 3 ዓመት ከሆነው ቅርንጫፍ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ምረጥ። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላዩን ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ ሠራተኛው ገልብጦ የሚተክለው ይህ ምልክት ሲጠፋ ነው። ጥላ ሥር ከ2 እስከ 3 ቀን ውሃ ውስጥ አቁመው። በመዶሻ አትምታው፣ ልጡ ይሰነጠቃል። በዲጂኖ ቀዳዳ አውጣ፣ ሦስት አራተኛውን ቅበር፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጭቃ ጠቅጥቅ። ሥሩ አየር ካገኘ ይደርቃል፣ የደረቀውን ደግሞ ምስጥ ይጨርሰዋል።

ጊዜው ሰኔ መሆኑም ዋጋ አስከፍሏል። ያልያዘ ቁራጭ የነሐሴን ሙላት አይችልም። ጎርፉ ሲሸሽ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ትከል።

ሾላ ጥላ፦
አኻያ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው። ከአንድ ዛፍ ብቻ ከቆረጣችሁ ሜዳው ሙሉ አንድ ጾታ ይሆናል፣ ዘር የሚባል አይኖርም። ቢያንስ ከ10 የተራራቁ ዛፎች ውሰዱ።

ዘሩ እንደ ጥጥ በነፋስ ይሄዳል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ የሚይዘውም ባዶና እርጥብ ደለል ላይ ሲወድቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ የወንዝ ዳር አኻያና ፖፕላር ላይ እንደታየው ውሃው በቀን ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ በፈጠነ መጠን ከወረደ የችግኙ ሥር አይደርስበትም። የቆቃ ግድብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ከሥሩ ያለው አዋሽ የሚሞላውና የሚጎድለው በተፈጥሮ ልክ ብቻ አይደለም፣ የግድቡ አለቃቀቅም አለበት። እንግዲህ ቁጥቋጦው ራሱ እስኪዘራ መጠበቅ የትም አያደርስም።

ሌላውን እንደ ከፍታው አሰልፉት። ውሃው ጥግ ፊላ፣ ሸምበቆና እንግጫ፤ ከዚያ ጎርፍ በየዓመቱ የሚያለብሰው ዝቅተኛ ደለል ላይ አኻያ፤ ጎርፍ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ሾላና ግራር። አኻያ ደለል ቢቀብረው ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል፣ ጎርፍ ሲያጎነብሰውም መልሶ ይነሳል። ሾላውን እዚያ ዝቅታ ላይ ብታደርጉት ግን ችግኝ እያለ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ቀላቅሉ የሚላችሁን አትስሙ!

ወንጂ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዳሩ አንዳንድ ቦታ ቀጥ ብሎ የተገመሰ ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እሱንስ አኻያ ይይዘዋል?

አፈርና ውሃ፦
አይይዘውም። ውሃው የሚቦረቡረው ከግርጌ ነው፣ ግንባሩ ከነተከላው ይናዳል። መጀመሪያ ቁልቁለቱን 1 ቁመት ለ2 አግድም አድርገህ አስተኛው፣ ግርጌውን በድንጋይ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ቅርጫት) ያዝ። ከዚያ በድንጋዩ መካከል ረጃጅም አጠና አስገባ፣ ከላይ በ1 ሜትር ልዩነት እያዛነቅህ ትከል፤ ውሃው ዳር በ50 ሳንቲ ሜትር። አዛንቀህ ማለቴ ልብ በልልኝ፣ በቀጥታ መስመር ከተተከለ ጎርፉ በመካከሉ መንገድ ያበጃል።

ሾላ ጥላ፦
ፍየሉን አትርሱ። ለጋውን ቅጠል ይወደዋል፣ ጫፉ ደጋግሞ የተበላ ቁራጭ ደግሞ ሥር የሚያወጣበት ጉልበት አይተርፈውም። ቢያንስ 2 ዓመት በእሾህ ይታጠር። አጥሩ ግን ከወንዙ በኩል ክፍት ይሁን፣ አለዚያ ጎርፉ ገለባና ቆሻሻ አምጥቶ ይከምርበትና አጥሩን ከነአኻያው ጠርጎት ይሄዳል።