የመዝገቡና የሪፖርቱ ቁጥር አልገጥም አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ አያያዝ) ሥራ ከያዝኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የጥርን የፔንታ 3 ክትባት (አምስት በሽታ የሚከላከለውን፣ ሦስተኛውን ዙር) ሳይ መዝገቡ ላይ 52 ሕፃናት አሉ። ታሊው (የተከተበው ሁሉ በጭረት የሚቆጠርበት ቅጽ) 61 ይላል። ለወረዳ የተላከው ሪፖርት ደግሞ 74 ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ተዛውሯል፣ ስልኩም አይሠራም። ኃላፊያችን «ያለፈውን ተዪው፣ የዚህን ወር አስተካክዪ» አሉኝ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ (ወረዳ ጤና ጽ/ቤት የምሠራ)፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን እዪ። የሪፖርት ወራችን ከ21 እስከ 20 ነው። የጥር ሪፖርት ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 የተሠራው ነው። ከጥር 1 እስከ 30 ከቆጠርሽ መቼም አይገጥምልሽም። እኛ ጋ አንዲት ነርስ ወሩ በገባ በ20 ማታ ከመጨረሻው ስም በታች በቀይ እስክሪብቶ ታሰምራለች። ያቺ መስመር ስንት ጭቅጭቅ አስቀርታለች!

ቀጥሎ ጤና ኬላዎቹን ጠይቂ። ጤና ኬላ የራሱ ሪፖርት አለው፣ ዲኤችአይኤስ 2 (ሪፖርት የምናስገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይም ለብቻው ይገባል። ጤና ጣቢያው የነሱንም ደምሮ ከላከ አንዱ ሕፃን ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። ከ61 በላይ ያለው 13 ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

መልስ (የክትባት ነርስ)፦
ታሊ ከመዝገብ ሲበልጥ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የመስክ ክትባትን ነው። ዛፍ ሥር እናቶች ተሰልፈው፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ ታሊው ላይ ጭረት ይደረጋል። «ስንመለስ እንገለብጠዋለን» ይባላል። ከዚያ ይረሳል። የዚያን ቀን ታሊ ፈልጊ። አደራ ግን፣ ቁጥሩ እንዲገጥም ብለሽ ስም ፈጥረሽ እንዳትሞዪ። ያልተከተበ ልጅ ተከትቧል ከተባለ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልገው የለም።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ የስታቲስቲክስ ባለሙያ)፦
ልጄ፣ ያስጨነቀሽ ነገር ትንሽ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በየቤቱ ተዞሮ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ፔንታ 3 የወሰዱት 53 በመቶ ነበሩ። ከየተቋማቱ ተደምሮ ይመጣ የነበረው ሪፖርት ከዚህ እጅግ ይበልጥ ነበር። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት አካፋዩ፣ ማለትም መከተብ ያለባቸው ሕፃናት ጠቅላላ ብዛት ነው። የሕፃናቱ ብዛት የሚገመተው ከ1999ኙ ቆጠራ ተነስቶ ነው። እሱን አንቺ አታስተካክዪውም። የተከተቡት ቁጥር ግን በእጅሽ ነው። በየወሩ ከሪፖርቱ 12 ቁጥር በዕጣ አውጥታችሁ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። ኤልኳስ የሚባለው እሱ ነው። ብቻሽን አታድርጊው፣ ኃላፊሽም ይቀመጡ።

መልስ (አዋላጅ ነርስ)፦
የእኔ ከቁጥሩ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ስለ ታካሚ ካርድ ነው። በምሠራበት ቦታ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። የአንዷ የደም ዓይነት ውጤት ሌላዋ ካርድ ውስጥ ገባ። የደረስንበት ሴትየዋ ራሷ «እኔ እኮ ገና ደም አልሰጠሁም» ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ «እገሊት ነሽ?» ብዬ አልጠይቅም፤ የደከመው ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። «ስምሽን እስከ አያትሽ ንገሪኝ» እላለሁ። ዕድሜና ቀበሌ እጠይቃለሁ፣ ከካርድ ቁጥሩም ጋር አመሳክራለሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 13ቱ እውነትም የጤና ኬላ ናቸው፣ ሁለቴ ገብተዋል። የመስኩን ቀን ታሊ ከቤተሰብ ማህደር (ጤና ኬላ ለየቤተሰቡ ከሚይዘው ፋይል) ጋር ሳመሳክረው 7 ሕፃናት በስማቸው ተገኙ። 2 ጭረት ግን ባለቤት የለውም። ምን ላድርገው?

መልስ (ወረዳ ጤና ጽ/ቤት የምሠራ)፦
ተዪው፣ አትቁጠሪው። 7ቱን ከነቀናቸው መዝግቢ፣ ዘግይቶ መጻፉንም አስታውሺበት። ከዚያ 59 ብለሽ በኃላፊሽ ፊርማ የማስተካከያ ደብዳቤ ላኪልን። ዲኤችአይኤስ ላይ ያለውን እናርመዋለን።