ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ወደ ዳላስ ለምትገቡ፦ የመንጃ ፈቃድና የታርጋ ጥቆማ

ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ ወደ ዳላስ፣ ጋርላንድና ፕላኖ ለገባችሁ ወገኖች፦ መንጃ ፈቃድና ታርጋ የት ይቀየራል፣ ማን ይሻላል የሚለው ጥያቄ ስለበዛ የማውቀውን አንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ።

አደራ የምላችሁ ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የቴክሳስ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ ኤሚሽን (የመኪናው ጭስ ምርመራ)፣ ከዚያ መኪናውን መዝግቦ ታርጋ የሚሰጠው የካውንቲው ታክስ ኦፊስ፣ በመጨረሻ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ቢሮ፣ ዲፒኤስ። ብዙ ሰው መንጃ ፈቃዱን ለማስቀደም ይቸኩላል። ዲፒኤስ ግን መኪና ያለውን አዲስ ነዋሪ የመኪናውን የቴክሳስ ምዝገባ ይጠይቀዋል፤ ያንን ያልያዘ ሰው ቀጠሮው ይቃጠልበታል። ሕጉም ለመኪናው የሰጠው 30 ቀን ሲሆን ለመንጃ ፈቃዱ 90 ቀን ነው።

ኢንሹራንስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ነውና። እኔ የምመርጠው የብዙ ኩባንያዎችን ዋጋ አንድ ላይ የሚያወዳድር ብሮከር ነው። ስቴት ፋርም የሚሸጠው በራሱ ወኪሎች ስለሆነ እሱን ለብቻው ጠይቁ፤ ጌይኮንና ፕሮግሬሲቭን በስልካችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስታወዳድሩ ግን ሽፋኑን እኩል አድርጉ፣ አለዚያ ርካሹ ርካሽ አይደለም። የቴክሳስ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 30 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ ጉዳተኞች በሙሉ 60 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። በዛሬ የመኪና ዋጋ 25 ሺህ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አስቡት፤ ከፍ አድርጉት እላለሁ። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጫችሁ የሚከፍላችሁን ሽፋን ኩባንያው የሚያስቀረው እናንተ በጽሑፍ አልፈልግም ስትሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ወርሃዊ ክፍያው ድንገት ቀነሰ ሲሏችሁ ምን ላይ እንደምትፈርሙ አንብቡ። ሌላው በረዶ ነው። እዚህ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጣራና ኮፈን የሚያጎደጉድ በረዶ ይወርዳል፤ ይህን የሚከፍለው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ሽፋን ነው። መኪናዬ አሮጌ ነው ብላችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡበት።

የግል መኪና ሴፍቲ ኢንስፔክሽን ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል። በዳላስ፣ ኮሊን፣ ዴንተንና ታራንት ካውንቲዎች ግን የኤሚሽን ምርመራው አለ። የምርመራው ዋጋ በሕግ ጣሪያ ስላለው ርካሽ ፍለጋ አትዙሩ። ኤሚሽን ብቻ የሚሠራውን ቦታ የምመርጠው የሚሸጥልኝ ጥገና ስለሌለው ነው። የቼክ ኢንጅን መብራት ለሚበራበት መኪና ደግሞ መጀመሪያ የምታምኑት የሐበሻ ጋራዥ ዘንድ ሂዱ። ባትሪ ከተቀየረ ወይም መብራቱ በማሽን ከጠፋ በኋላ ወዲያው ለምርመራ አትውሰዱት፤ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ ጥቂት ቀን መነዳት አለበት።

ካውንቲው ጋ 130-ዩ የሚባለውን ቅጽ ሞልታችሁ፣ ታይትሉን (የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት)፣ ኢንሹራንሱንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የአዲስ ነዋሪ ታክስ 90 ዶላር፣ የታይትል ማመልከቻ በዳላስ አካባቢ 33 ዶላር፣ ምዝገባው 50.75 ዶላር፣ በቀረው ኢንስፔክሽን ምትክ 7.50 ዶላር፣ በዚያ ላይ የካውንቲው ጥቃቅን ክፍያዎች አሉ። የኤሌክትሪክ መኪና በየዓመቱ 200 ዶላር ይጨመርበታል። እናስጨርስላችኋለን የሚሉ የግል የታይትል ቢሮዎች የራሳቸውን ክፍያ ከላይ ይጨምራሉ። ወረቀታችሁ የተሟላ ከሆነ አትፈልጓቸውም፤ ታይትሉ ለጠፋበት ወይም ስሙ ለተምታታበት ሰው ግን ይጠቅማሉ።

ስም ካነሳን ዘንድ፦ በግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ፣ በታይትሉ ላይ የአባት ስም መጨረሻ የሆነበት ሰው ብዙ ነው። የፊደል አጻጻፉንም ጨምራችሁ ወረቀቶቻችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከመሄዳችሁ በፊት አመሳክሩ። በጋብቻ ስሟን የቀየረች የጋብቻ ሰርተፍኬቷን ትያዝ።

ለመንጃ ፈቃድ የጋርላንዱ ሜጋ ሴንተር የሚባለው የዲፒኤስ ቢሮ ሰፊ ነው፤ ቢሆንም ቀጠሮ ሳይዙ መሄድ አያዋጣም። ቀጠሮ እስከ ስድስት ወር አስቀድሞ በድረ ገጽ ይያዛል፣ ማለዳ ላይ ካያችሁት ደግሞ የዚያኑ ቀን የሚገኝበት ጊዜ አለ። ራቅ ያሉትን ትናንሽ ቢሮዎችም አብራችሁ ተመልከቱ። የሌላ ስቴት መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ያላለፈበት፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና የለበትም፤ ዓይን ይታያል፣ አሻራ ይነሳል፣ 33 ዶላር ይከፈላል፣ የድሮው መንጃ ፈቃድ እዚያው ይቀራል። የመኖሪያ አድራሻ የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች ያስፈልጋሉ። ዘመድ ቤት ያረፋችሁ ዲኤል-5 የሚባለውን የነዋሪነት ማረጋገጫ ቅጽ ጠይቁ። በወርክ ፐርሚት ያላችሁ፣ የካርዳችሁ ማብቂያ ቀን ከሕጋዊ ቆይታችሁ ጋር እንደሚታሰር እወቁት።

አሁን ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር። የሜሪላንድ ታርጋችሁን ሳትመልሱ የሜሪላንዱን ኢንሹራንስ አትዝጉ። እዚያ ያለው ቢሮ መኪናው ያለ ኢንሹራንስ እየተነዳ ነው ብሎ ቅጣት ይቆጥርባችኋል። የቴክሳሱን ታርጋ እንዳሰራችሁ የድሮውን መልሱ፤ በፖስታ ከላካችሁት መከታተያ ቁጥር ይኑረው፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ቨርጂኒያ የነበራችሁ ምዝገባውን በድረ ገጽ ማሰረዝ ትችላላችሁ። በዚያ ላይ ለነበራችሁበት ካውንቲ ወይም ከተማ መኪናው መውጣቱን አሳውቁ፤ ካላሳወቃችሁ የመኪናው ንብረት ታክስ በስማችሁ መምጣቱን ይቀጥላል።

እኅቴ፣ መኪናዬ ሎን አለበት፣ ታይትሉ ባንኩ ጋ ነው ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አትጨነቂ። ያው 130-ዩ ቅጽ ላይ ለምዝገባ ብቻ የሚል ምርጫ አለ፤ የድሮውን ስቴት የምዝገባ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ታይትሉ በድሮው ስቴት እንዳለ ይቆይና የቴክሳስ ታርጋ ይሰጥሻል። 90 ዶላሩ ግን አይቀርም። ሊዝ ከሆነ የመኪናው ባለቤት ኩባንያው ስለሆነ አስቀድመሽ ደውለሽ የውክልና ወረቀት ጠይቂያቸው። አዲሱ ታርጋ እንደተሰጠሽ ቶልታግ (የክፍያ መንገድ ሂሳብ የሚቆረጥበት መለያ) ካለሽ እዚያ ላይ የተመዘገበውን የታርጋ ቁጥር ወዲያው ቀይሪ፤ ከሌለሽ አውጪ፣ በፖስታ የሚመጣው የመንገድ ሂሳብ በጣም ይወደዳልና።