የፊት መብራት አምፖል ስንት ኬልቪን ይሻላል? 4300 ወይስ 6000?

ማታ_ነጂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የመኪናዬ የፊት መብራት በጣም ደክሞብኛል፣ ማታ ከከተማ ወጣ ስል በተለይ ዝናብ ካለ የመንገዱ መስመር እንኳን በደንብ አይታየኝም። አምፖሉ ኤች4 ሃሎጅን ነው 60/55 ዋት የሚለው። ልቀይረው ብዬ ሳይ ካርቶኖቹ ላይ 3200፣ 4300፣ 5000፣ 6000፣ እስከ 8000 ኬልቪን ድረስ ተጽፏል፣ ሻጮቹ ቁጥሩ ከፍ ሲል መብራቱም ይጨምራል ነው የሚሉት፣ እውነት ነው እንዴ? ነጩን ብርሃን ሳየው ደስ ይለኛል ግን ዋናው መንገዱን እንዲያሳየኝ ነው። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ።

ሽቦ_ፈቺ፦
አይደለም ወንድሜ፣ ይሄ ወሬ ስንቱን ሰው ገንዘቡን አስወጥቶ ከበፊቱ የባሰ ጨለማ ውስጥ ከቶታል፣ እኔ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ኬልቪን እዚህ ላይ የቀለም ልክ ነው በቃ፣ የጋለ ነገር በዛ ሙቀት ላይ የሚሰጠውን ቀለም ነው የሚነግርህ። ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ምን ያህል ብርሃን ይወጣል ለሚለው ሉመን የሚለውን ነው ማየት ያለብህ።

አሁን ሃሎጅንን ብቻ እንይ። ብርሃኑ የሚመጣው ከጋለ የተንግስተን ሽቦ ነው፣ ተንግስተን ደግሞ 3695 ኬልቪን ላይ ይቀልጣል፣ ስለዚህ 5000 ወይ 6000 የሚል ሃሎጅን ስታይ ሽቦው እዛ ሙቀት ደርሶ አይደለም፣ ሊደርስም አይችልም። ብርጭቆው ሰማያዊ ተቀብቶ ነው። ቅቡ ቢጫውንና ቀዩን ያስቀረዋል እንጂ ከየትም አምጥቶ ሰማያዊ አይጨምርም፣ ማለትም ሽቦው ከሰጠው ብርሃን የተወሰነውን እዛው አምፖሉ ላይ እየጣልከው ነው። ኤች4 በደንቡ ረጅሙ 1650 አጭሩ 1000 ሉመን አካባቢ ነው፣ ከዚህ ላይ ቀንሰህ ማታ ዝናብ ውስጥ ምን ልታይ ነው?

አልታይ አለኝ ብለህ ደግሞ ዋት እንዳትጨምር፣ 100 ዋት ከከተትክበት ሶኬቱንም ገመዱንም ሊያቀልጠው ይችላል። ቅብ የሌለውን 3200 አካባቢ ያለውን ጥሩ አምፖል ግዛ።

ነጭ_ብርሃን፦
እኔ ግን ትንሽ አልስማማም፣ የኔ መኪና ከፋብሪካው ኤልኢዲ ነው ወደ 6000 የሚጠጋ ነጭ ብርሃን አለው፣ ከበፊቱ ሃሎጅን መኪናዬ ጋር አይወዳደርም በጣም ያሳያል። ታዲያ 6000 ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ይቻላል?

ሽቦ_ፈቺ፦
@ነጭ_ብርሃን ያንተ የሚያሳየው 6000 ስለሆነ ሳይሆን መብራቱ ሙሉው ለኤልኢዲ ተብሎ ስለተሠራ ነው፣ የሚወጣውም ብርሃን ብዙ ነው። ዜኖንም (ሽቦ ሳይኖረው ኤሌክትሪክ በጋዝ ውስጥ አልፎ የሚበራው) እንደዛው፣ ዲ2ኤስ የሚባለው የዜኖን አምፖል በ35 ዋት 3200 ሉመን ይሰጣል፣ ከፋብሪካ ሲመጣም 4300 አካባቢ ነው ለእይታ ስለሚሻል፣ 6000 እና 8000 እያለ የሚሸጠው ግን ለመልክ ነው ብርሃኑም ያንሳል።

ጠያቂው ግን ኤልኢዲ ገዝቶ ሃሎጅን ቤት ውስጥ ቢከተው ሌላ ጉዳይ ነው። የሃሎጅን ሽቦ የሚቀመጥበት ቦታ በጣም በትንሽ ልክ የተሰላ ነው፣ አንፀባራቂውም በዛ ልክ ነው የተቀረጸው፣ ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ከመጣ ይበተንና እግርህ ስር ቦግ ይላል፣ ሩቁ ይጨልማል፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ደግሞ ዓይኑን ታጠፋዋለህ። እሱ ካላየ ላንተም አደጋ ነው።

ጭጋግ_መንገድ፦
ስለ ዝናቡና ጭጋጉ ልጨምር። ቢጫ ጭጋግን ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል ግን የጭጋግ ጠብታ ከብርሃን ሞገድ ስለሚበልጥ ሁሉንም ቀለም እኩል ነው የሚበትነው። ልዩነቱ ዓይን ላይ ነው፣ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ከጠብታው ተመልሶ ሲመጣ ይበልጥ ያጥበረብራል። እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ነጩ ከመንገዱ ጋር ተመሳስሎ የበራ እንኳን አይመስልህም። ፈረንሳይ እስከ እ.ኤ.አ. 1993 ድረስ የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን ታዝ ነበር፣ አሁን ግን ብዙ አገር ዋናው መብራት ነጭ እንዲሆን ነው የሚፈቅደው፣ ቢጫውን ከፈለግክ ለጭጋግ መብራቱ አድርገው።

ማታ_ነጂ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ሰማያዊውን ተውኩት በቃ። ግን አምፖሉ ድሮ እንደዚህ አልነበረም፣ ቀስ በቀስ ነው የደከመው፣ አዲስ ብቻ ባስገባ ይስተካከላል?

ሽቦ_ፈቺ፦
አምፖል ሲያረጅ ይደክማል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር፣ ብርጭቆውን በባዶ እጅ እንዳትነካው የጣት ቅባት ሲግል ያበላሸዋል። ግን ከመግዛትህ በፊት ሞተር አስነስተህ መብራት አብርተህ ሶኬቱ ላይ ቮልቱን በቴስተር ለካ፣ ባትሪው ላይ ካለው ብዙ ከወረደ ገመዱ ወይ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ዝጓል። ቮልቱ 10 ከመቶ ሲወርድ ብርሃኑ ወደ 30 ከመቶ ይቀንሳል፣ ምርጡን አምፖል ብትከትም ያው ነው። ፊቱ ላይ ያለው ፕላስቲክስ ቢጫ ሆኗል ወይ? ከሆነ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሽተህ ፖሊሽ አድርገው።

ማታ_ነጂ፦
አዎ ፕላስቲኩ ደብዝዟል በተለይ የግራው። ነገ ቴስተር ተውሼ ለክቼ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።