ተሰርዞ የሚመለስ የህትመት ትእዛዝ በጋራ ፕሪንተራችን ላይ፦ እርዳታችሁን እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ክፍል 9 ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት፣ ዊንዶውስ 10 በተጫነበት በእኔ ኮምፒውተር በኩል ሼር የተደረገ አንድ ፕሪንተር አለ። ባለፈው ሐሙስ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ በመታተም ላይ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ከተመለሰ በኋላ ያ 46 ገጽ ያለው ሰነድ ወረፋው ላይ ተገትሮ ቀረ። ልሰርዘው ስሞክር «ዲሊቲንግ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያሳያል እንጂ አይጠፋም፤ ከኋላው የተሰለፉትም አንዳቸው አይወጡም።

ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት ምንም አልፈየደም። የባልደረቦቼ መፍትሔ ያንኑ ሰነድ ደጋግሞ መላክ ስለሆነ ወረፋውን ከማርዘም በቀር አልጠቀመም። የህትመት ወረፋውን የሚያስተናግደውን፣ ፕሪንት ስፑለር የተባለውን የዊንዶውስ ሰርቪስ አቁሜ፣ በሲስተም 32 ስር ስፑል ውስጥ የሚገኘውን ፕሪንተርስ የተሰኘ ፎልደር ከፍቼ፣ የተጠራቀሙትን ፋይሎች አጥፍቼ ሰርቪሱን መልሼ ሳስነሳ ወረፋው ይጸዳና ጥቂት ሰነዶች በደንብ ይታተማሉ፤ ሆኖም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያው የደመወዝ ሰነድ ማንም ሳያዝዘው ተመልሶ ይመጣል። (የሁላችንም ደመወዝ የተጻፈበት በመሆኑ፣ ድንገት ቢታተም ወረቀቱን ማን ቀድሞ እንደሚያነሳው ማሰቡም ያስጨንቃል።)

ጥርጣሬዬ ሰነዱን በላከችው ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ቅጂው ቀርቶ በራሱ እየተላከ ነው የሚል ነው። ስፑለሩን በእሷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማጽዳት ይበቃል ወይስ በ9ኙም ላይ ማድረግ አለብኝ? እያንዳንዱን ኮምፒውተር በአይፒ አድራሻ (ፕሪንተሩ በኔትወርኩ ላይ ባለው መለያ ቁጥር) በቀጥታ ከፕሪንተሩ ጋር ማገናኘትስ ይሻል ይሆን? ያጋጠማችሁ ካላችሁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።