የዓርቡ ባቡር ድሬዳዋ ያደርሰናል፤ መመለሻው ግን አልገጠመም! እባካችሁ ምክር

የናሆም እናት (ረቡዕ ማታ)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በጣም ቸኩያለሁ። በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት በባቡር እወስዳችኋለሁ ብዬ ለልጆቹ ቃል ከገባሁ ወር አልፎኛል። ሥራ ፋታ ነሥቶኝ ሳልዘጋጅ ቆየሁና እነሆ እረፍቱ ሊያልቅ አራት ቀን ቀረው። ዛሬ ትኬት ልቆርጥ ብሄድ ነገ ባቡር የለም፣ ቀጣዩ ዓርብ ነው ተባልሁ። እሺ፣ ዓርብ ይሁን አልሁ። መመለሻውን ስጠይቅ ደግሞ ወይ ቅዳሜ ነው ወይ ሰኞ። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። በቅዳሜው እንዳንመለስ፣ ዓርብ ማታ ደርሰን በማግስቱ ልንመለስ ነው? እህቴ ሐረር ድግስ ቀረሽ ዝግጅት ይዛ ትጠብቀናለች። ናሆም ሻንጣውን ከትናንት ጀምሮ በር ሥር አቁሞታል፤ ባለፍሁ ቁጥር እግሬን ይመታኛል። የዓርቡን ነገ ጠዋት ካልቆረጥሁ ቦታ ላላገኝ እችላለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መንገደኛው
እህቴ፣ ለምን ትጨነቂያለሽ? ለገሃር ሂጂ። እዚያ ባቡር በየሰዓቱ አለ።

የምድር ባቡር ልጅ
ወንድሜ፣ አንተ ያልኸው የከተማውን ቀላል ባቡር ነው። ከለገሃር የድሬዳዋ ባቡር መነሣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የአሁኑ የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው፤ እባክህ የቸኮለች እናት አታሳስት።
አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። እህቴ፣ «ሐረር» ስትይ ሐረር ባቡር የሚገባ እንዳይመስልሽ። የድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ ወጪው ከባድ ሆነና ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላም ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሌላ 15 ዓመት ወሰደ። 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ! በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአሁኑ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባቡሩም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለውን የድሮውን ጣቢያ ለልጆቹ ሳታሳዪ እንዳትመለሺ። አደራ!

የናሆም እናት
ስለ ታሪኩ አመሰግናለሁ፤ ለናሆም አነብለታለሁ። የእኔ ጭንቀት ግን መመለሻው ነው። እሑድ ማታ ቤቴ መግባት አለብኝ።

የረጅም መንገድ ሹፌር
በእኔ አስተያየት ባቡሩን ተዪው። ባቡር አንቺ በፈለግሽው ቀን አይነሣልሽም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቤተሰብ ሆናችሁ መኪና ብትይዙ በፈለጋችሁበት ቆማችሁ፣ በልታችሁ፣ ልጆቹን አናፍሳችሁ ትሄዳላችሁ። የሦስት ቀን ጉዞን በባቡር ማሰብ መነሻው ስሕተት ነው።

የናሆም እናት
ወንድሜ፣ ምክርህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጉዞው ራሱ ለባቡሩ ነው። የናሆም የሒሳብ ደብተር ከኋላ በኩል ያለው ገጽ ሁሉ ባቡር ነው። ከጣሪያው በላይ ያለችውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንኳ አይረሳም፤ በማስመሪያ ነው የሚያሰምራት። አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። በመኪና ወስጄ «ደረስን» ብለው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

የቢሾፍቱ አክስት
እንግዲያው አዳማ ውረዱ። ባቡሩ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ይቆማል። ልጁ ባቡሩን ይሳፈራል፤ እናንተ አዳማ አድራችሁ በማግስቱ በፈጣን መንገዱ በመኪና ትመለሳላችሁ። ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል።

አንድ አባት
እኔም የምለው አዳማ ነው። አዳማ ወርዳችሁ በመኪና ተመለሱ።

የምድር ባቡር ልጅ
አዳማ ከወረዱማ የመንገዱን ውበት ሳያዩት! መተሐራ ስትደርሱ የበሰቃ ሐይቅ፣ ከዚያ የፈንታሌ ተራራ፣ አዋሽን ካለፋችሁ በኋላ ሜዳውና ግመሎቹ። ልጅ በመስኮት ማየት ያለበት ያንን ነው። ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ሲገቡ ባቡሩ የሚዘገይበት ቀን ስላለ የመድረሻ ሰዓቱን ተማምናችሁ ለዚያው ምሽት ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።

ነርሷ
እህቴ፣ ስንት ናችሁ? የልጆቹ ዕድሜስ? ይህን ሳናውቅ እንዴት እንምከርሽ?

የናሆም እናት
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ዘለልሁት። ልጆቹ ሦስት ናቸው፦ 13፣ 9 እና 4 ዓመት። እናቴም አብራን ናት። ጉልበቷን ያማታል። ቤታችን አያት ነው።

ነርሷ
ይሄ እኮ ነው ዋናው ነገር! የእናትሽን ጉልበት ባትነግሪን ኖሮ ሁላችንም በአየር ላይ እንመክርሽ ነበር። ስሚኝ። ባቡሩ መቀመጫም መኝታም አለው። መኝታው ባለ ስድስትና ባለ አራት አልጋ ነው፤ በባለ ስድስቱ አልጋዎቹ ሦስት ደርብ ናቸው። ለእናትሽ የታችኛውን አልጋ ለይተሽ ጠይቂ፤ «መኝታ» ብለሽ ዝም ካልሽ ከላይ ሊደርሳቸው ይችላል፤ በዚያ መሰላል መውጣት ለእርሳቸው አይሆንም። መኝታ ካለቀ፣ በመቀመጫውም ቢሆን መተላለፊያው ዳር ይቀመጡ፤ በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። ቀኑን ሙሉ አጥፎ የተቀመጠ ጉልበት ማታ አይዘረጋም። የታመመ ጉልበት ላይ ቅባት ቀብቶ መሄድ ብቻውን አይረዳም።
ሌላው፣ የእናትሽን መታወቂያና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ትኬት ስትቆርጪም ስትሳፈሪም በእጅሽ ያዢ። ሻንጣ በፍተሻ ስለሚያልፍ የፍራፍሬ ቢላዋ ቤት ይቅር፤ ብርቱካኑን ልጠሽ ያዢው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብዙ ውኃ። ለትንሿ ደግሞ ቅያሪ ልብስ በሻንጣው ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

የለቡ ነዋሪ
ከአያት ለቡ ማለት ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ነው። ባቡሩ ማለዳ ነው የሚነሣው። ገና ጨለማ ሳለ ከቤት ውጡ፤ መኪናውን ማታውኑ ተነጋግራችሁ እደሩ። እኔ ቤቴ ጣቢያው አጠገብ ሆኖ እንኳ ሮጬ የደረስሁበት ቀን አለ፤ አሮጊትና ሕፃን ይዞ መሮጥ ግን አይቻልም።

መምህርት
በሰኞው ባቡር ተመለሱና ልጆቹ የሰኞን ትምህርት ይቅሩ የሚል ሐሳብ መምጣቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ልናገር። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሚጀመርበት ቀን «ምንም የማይሠራበት ቀን» አይደለም። እኔ በዚያ ቀን የትምህርት ፕሮግራሙን እሰጣለሁ፣ የቀሩትን እመዘግባለሁ፤ የቀረ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ጓደኞቹን ሲጠይቅ ይከርማል። ግድ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለክፍል ኃላፊው መምህር አሳውቂ። የሚያናድደን የአንድ ቀን መቅረት ሳይሆን ሳይነግሩ መቅረት ነው። ለ13 ዓመቱ ልጅ ቀኑ ከአራት ዓመቷ ይልቅ ይከብዳል፤ ይህንንም አስቢበት።

መንገደኛው
የአራት ዓመቷስ መምህሯን ይዛ ብትሄድ? ሁሉም ሰኞ አብሮ ይቀራል።

የድሬ ልጅ
እንኳን ደህና መጣችሁ በሉ! ከዚሁ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። የተባለውን ሁሉ አነበብሁ፤ መፍትሔው ቀላል ነው። የሚያስቸግራችሁ ሁለቱንም መንገድ በባቡር ካልሆነ ማለታችሁ ነው። ሂዱ በባቡር፣ ተመለሱ በሌላ። ናሆም ባቡሩን በመሄጃው ይጠግበዋል።
ነገ ጠዋት ባቡሩን ከመቁረጥሽ በፊት የእሑዱን መመለሻ ያዢ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ፤ ሰው ሁሉ መሄጃውን ቆርጦ ነው መመለሻ የሚያጣው። ሁለት ምርጫ አለሽ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዋጋው ግን ለቤተሰብ ይከብዳል። አውቶቡሱ ንጋት ላይ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። እናትሽ በአውቶቡስ መመለስ የለባቸውም። ሐረር ያለችው እህትሽ ልጃቸው አይደለችም እንዴ? እርሷ ዘንድ ይሰንብቱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አጃቢ ተገኝቶላቸው በባቡር ተኝተው ይመለሳሉ። ያኔ አንቺ የምታስቢው ለአራት ሰው ብቻ ይሆናል።
ዓርብ ማታ ሐረር ልውጣ አትበይ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ደክማችሁ ትወርዳላችሁ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጨለማ ሕፃን ይዞ መውጣት ምን ያደርጋል? ድሬ እደሩ። ቅዳሜ በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ከዚራ የድሮውን ጣቢያ ከውጭ አሳዪያቸው፤ ዛፎቹ ሥር ፈጢራ ብሉ። ከዚያ በሚኒባስ በደንገጎ፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርጋችሁ ለምሳ ሐረር ናችሁ። ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ነው የሚበልጠው። ከሰዓት ጀጎል፣ ማታ ሰው ጅብ ሲያበላ ማየት። ትንሿ ከፈራች በእህትሽ እቅፍ ራቅ ብላ ትይ። እሑድ ትመለሳላችሁ፤ በአውቶቡስ ከሆነ የሚነሣው ከሐረርም ስለሆነ ድሬ መውረድ አይጠበቅባችሁም።
ሹራብ አትርሱ፤ ድሬ ሞቃት ስለሆነች ሐረርም እንዲሁ ይመስላችኋል። ሐረር ከፍታዋ ከድሬ በ600 ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ማታ ይቀዘቅዛል።

የረጅም መንገድ ሹፌር
የድሬ ልጅ ልክ ነው፤ እኔም ሐሳቤን አሻሽያለሁ። በአውቶቡስ ከሆነ ግን ቅዳሜ ማታ የመንገዱን ሁኔታ ደውለሽ ጠይቂ። ያለ ማጣራት ሌሊት መነሣት የለም።

አንድ አባት
አዳማ ብትወርዱም እኮ ይሻላል።

የናሆም እናት (ሐሙስ ቀትር)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት እህቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ የእሑዱን የአውቶቡስ መቀመጫ ሐረር ሆና ያዘችልን፤ ከዚያ ባቡሩን ቆረጥሁ። ለእናቴ የታች አልጋ ተገኘ፣ እኛ መቀመጫ ነን። እናቴን «ልጅሽ ቤት ሰንብቺ» ስላት ይህን እስክነግራት የምትጠብቅ ነው የመሰለችኝ፤ ሻንጣዋ ከናሆም ሻንጣ አጠገብ ቆሟል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ከተማው ማታ ምን ይገኛል? ባጃጅ ለአምስት ሰው አይሆንም።

የድሬ ልጅ
ሁለት ባጃጅ ያዙ፤ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። እናትሽንና ትንሿን አንቺ፣ ሁለቱን ወንዶች ከኋላ። ወይም የምታርፉበት ሆቴል መኪና ይልክላችሁ እንደሆነ አሁኑኑ ደውይ።

የቢሾፍቱ አክስት (ማክሰኞ)
የናሆም እናት፣ በሰላም ገባችሁ? እኛም ለፋሲካ እያሰብን ነው። የእሑዱ አውቶቡስ ከልጆች ጋር እንዴት ነበር?

ነርሷ
እኔም የእናትሽን ጉልበት ልጠይቅ ነው የገባሁት።