ከመጥፎ መሥሪያ ቤት ምን ይዤ ልውጣ?

ሰኔ_ሠላሳ
ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ አካባቢ ያለ የቤት ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ልደፍን ነው። ባለቤቱ ደንበኛ ፊት ይሳደባሉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲመጣ እሑድም እንገባለን። ከእኔ ጋር የነበሩት አንድ በአንድ ለቀው የእነሱም ሥራ እኔ ላይ ተቆልሏል። ልለቅ ወስኛለሁ። እናቴ "ለበጎ ነው፣ አንድ ቀን ይጠቅምሻል" ትለኛለች። እውነት ይጠቅማል? ወይስ ሲቪ ላይ ጭራሽ ሳልጽፈው ልለፈው?

ጨጓራም_አለ
እኔን የጠቀመኝ የጨጓራ መድኃኒት ስም ማወቅ ነው። ውጪ እህቴ፣ ለበጎም ከሆነ ውጭ ሆነሽ ይድረስሽ።

የትራንዚተር_ተማሪ
ሲቪሽ ላይ ጻፊው፣ ያውም ከላይ። እኔም አስመጪ ቤት ነው የጀመርኩት፤ ጎማና ባትሪ እናስገባ ነበር። ዕቃው ገና ከጅቡቲ ተነሣ ሲባል አለቃዬ "የአንዱ ጎማ ዋጋ ስንት ገባ?" ብሎ ያፋጥጠኛል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዴቢትና ክሬዲት ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነዱ) ፊት ሲቀርብ የትም አላደረሰኝም። ያስተማሩኝ ትራንዚተራችን፣ ማለትም ዕቃችንን ከጉምሩክ የሚያስወጡልን ሰው ናቸው። ሻይ እየጠጡ ወረቀቱን ይገልጡልኛል፤ ቀረጡ ይኸውልሽ፣ ሱር ታክሱ (ተጨማሪው የማስገቢያ ታክስ) 10 በመቶ ይኸውልሽ፣ እነዚህ ዕቃው ላይ ይጫናሉ። 15 በመቶው ቫት ግን ከሽያጭ ቫት ጋር ይቀናነሳል፣ ያኔ የምንከፍለው 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግም (በቅድሚያ የሚያዝ ግብር) ዓመቱ ሲዘጋ ከትርፍ ግብሩ ላይ ይታሰባል። እነዚህን ሁለቱን ዋጋ ላይ ከደረብሽ ጎረቤትሽ ሸጦ ሲጨርስ አንቺ ጎማ ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ።

አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ስሄድ አንድ ዲክላራሲዮንና ካልኩሌተር ሰጥተው "የአንዱን ዋጋ አውጪ" አሉኝ። አብረውኝ ከተፈተኑት ማስተርስ ያለው ነበር። ሥራው ለእኔ ሆነ።

ይህን ግን ለስድቡ ውለታ አልቆጥርም፤ እናትሽን አክብሬ ነው የምለው። ከስድቡ የተረፈኝ ስልክ ሲጮህ መደንገጥ ነው፣ እስካሁን አለቀቀኝም። የጠቀመኝ የሰው እጥረቱ ነው። የተደራጀ ድርጅት ገብቼ ቢሆን ለጀማሪ የሚሰጡት የፔቲ ካሽ (የትንንሽ ወጪ) ቫውቸር ማያያዝ ነበር። እዚያ ግን የኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት) ሰነድ ይዤ ባንክ የምሮጠው እኔ፣ ደመወዝ የምሠራው እኔ፣ ገቢዎች የምሰለፈው እኔ። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የሰኔን ሂሳብ ብቻዬን ዘግቼ አውቃለሁ።

እና ከመውጣትሽ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ በይና ማንም ሳያግዝሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሥራት የምትችይውን ጻፊ። ሲቪሽ እሱ ነው። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓመት ብትቆዪም የሚሞላ አይመስለኝም። የድርጅቱን ፋይል በፍላሽ ገልብጠሽ እንዳትወጪ ብቻ፤ አሠራሩን በራስሽ ደብተር ያዢ፣ ቁጥሩ የእነሱ ነው።

ጉዳይ_አስፈጻሚ
ከላይ ያለው ጥሩ ነው፣ ግን ብሩም አይረሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። በጽሑፍ አድርጊው፣ ቀሪ ኮፒው ላይ አስፈርሚ። ተናድደሽ ጠፍተሽ እንዳትቀሪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ የሥራሽን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን መግለጽ አለበት። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። የትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በአንድ ተኩል፣ የዕረፍት ቀን ከሆነ በእጥፍ ነው የሚከፈለው። ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ግን በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ የሰኔውን ቆጠራ አሁኑኑ አስቢበት።

ጨጓራም_አለ
ኦርጅናል ዲግሪሽን ይዘውብሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን አስመልሺ። የእኔን ለማስመለስ ዘመድ አዝማድ ነው የተሰለፈው።

ሰኔ_ሠላሳ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲግሪዬ ቤት ነው፣ የያዙት የዋሴን ወረቀት ነው። ደብዳቤውን ሰኞ አስገባለሁ። ትናንት ማታ ዝርዝሩን ጀምሬ ነበር፣ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመብኝ። የዕቃ ዋጋ ማውጣት ላይ ግን እርግጠኛ ያልሆንኩት አለ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃው ሲዘገይ የምንከፍለው ዲመሬጅ ዋጋው ላይ ይጫናል? እኛ ጋ ይጫናል።

የትራንዚተር_ተማሪ
አይጫንም። መደበኛው ማጓጓዣና ማራገፊያ ይገባል፤ በመዘግየት የመጣ ቅጣት ግን የወሩ ወጪ ነው። እናንተ ጋ የሚጫነው ባለቤቱ ስላዘዙ ይሆናል። ቃለ መጠይቅ ላይ ከጠየቁሽ ሁለቱንም አሠራር ተናገሪና የትኛው ትክክል እንደሆነ ጨምሪበት።