«ተኮላሸ» እና «መካን» አንድ ናቸው? በቅሎውስ የየትኛው ነው?

ጠያቂ፣ ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ጋዜጣ ላይ «ሴራው ተኮላሸ» የሚለውን ሁላችንም እናነባለን። በእናቴ አገር በመንዝ ግን ቃሉ ዛሬም የሚነገረው ስለ ከብት ነው፤ «ወጠጤውን ሳያስቸግር አኮላሹት» ይባላል። ጥያቄዬን ያመጣው በቅሎ ነው። አንድ ዘመዴ ወንድ በቅሎውን ሊያኮላሽ ሲነሳ ጎረቤቱ «በቅሎ እኮ ዱሮውንም መካን ነው፤ መካኑን ደግሞ ምን ብለህ ታኮላሻለህ?» ብሎ ተከራከረው። ሁለቱ ቃላት አንድ ከሆኑ ጎረቤቱ እውነት አለው። ናቸው ወይ?

መልስ፣ ከሞላሌ፦

አይደሉም ወንድሜ። በእኛ ዘንድ ወንድ ከብት ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ሳይኮላሽ የሚጠራበት፣ ሌላው ከተኮላሸ በኋላ። ኮርማው በሬ ይሆናል፣ ወጠጤው ተቀልቦ ሙክት ይባላል፣ ድንጉላው ሰንጋ ፈረስ ይሆናል። በሦስቱም የሰው እጅ አለበት። «ተኮላሸ» ማለት ሊሆን የነበረ ነገር በሌላ እጅ ቀረ ማለት ነው፤ ጋዜጣው ስለ ሴራ ሲጽፍም ያንኑ ማለቱ ነው። «መከነ» ግን ከራሱ ከውስጥ የሚመጣ ነው፤ የነካው ሰው የለም። ስለዚህ በቅሎ አስቀድሞ መካን ነው፤ ከፈለጉ ደግሞ ይኮላሻል። ለምን እንደሚኮላሽ ግን የሚያውቀው ይንገረን፤ እኔ የማውቀው ቃሉን ነው።

መልስ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦

የሞላሌው ወንድማችን በቃሉ የለየውን ተፈጥሮም ለይታ አስቀምጣዋለች። ነገሩ የዘር ህዋስ የሚሠራበት፣ ሚዮሲስ የሚባለው የህዋስ ክፍፍል ነው። ስሙ ግሪክኛ ሲሆን «ማሳነስ» ማለት ነው፤ ለዚህ ክፍፍል የተሰጠው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው።

የሚያንሰው የክሮሞዞም፣ ማለትም በህዋስ ውስጥ ውርስ የሚሸከመው ክር፣ ቁጥር ነው። ሰው በእያንዳንዱ የሰውነት ህዋሱ 46 ክሮሞዞም አለው፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። በግ 54፣ ፍየልና ላም 60፣ ፈረስ 64፣ አህያ 62 አላቸው። የዘር ህዋሱ ግማሹን ብቻ ካልያዘ ልጅ በተወለደ ቁጥር ቁጥሩ እጥፍ እየሆነ ይሄድ ነበር።

በወንድ ይህ የሚሆነው በቆለጥ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ጥምዝምዝ ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ያሉት እናት ህዋሳት ከጉርምስና ጀምሮ ራሳቸውን እያባዙ ይኖራሉ፤ ስለዚህ መነሻው አያልቅም። ከነሱ አንዱ ወደ ሚዮሲስ ሲገባ በመጀመሪያ ክሮሞዞሞቹን አንድ ጊዜ ይገለብጣል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍፍል ከእናት የመጣው ክሮሞዞም ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ጎን ለጎን ይተኛል፤ ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። በሁለተኛው ደግሞ ቅጂዎቹ ይለያያሉ። አራት ህዋሳት ይወጣሉ፤ በሰው ጾታን ከሚወስኑት ክሮሞዞሞች ሁለቱ ኤክስ የሚባለውን፣ ሁለቱ ዋይ የሚባለውን ይይዛሉ። ሴቷ በዚሁ ክፍፍል የምታገኘው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ የቀረው ትናንሽ ተረፍ ሆኖ ይጠፋል። የወንዱ አራቱም ጭራ አውጥተው ዘር ይሆናሉ። ከመነሻው እስከዚህ በሰው ሁለት ወር አልፎ ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ በኮርማ 61 ቀን ያህል፣ በአውራ በግ 47 ቀን ያህል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ክፍል ነውና። ጥንዶቹ ሲለያዩ የትኛው ወደየት እንደሚሄድ የሚወስን የለም። ቁርጥራጭ መለዋወጡን ሳንቆጥር እንኳ አንድ ሰው ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ አንድ አውራ በግ ከ134 ሚሊዮን በላይ ዓይነት ዘር ሊያወጣ ይችላል። በመንዝ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ አውራው በዓይን ብቻ የማይመረጠው፣ የራሱና የዘመዶቹ መዝገብ የሚታየው ለዚህ ነው። አባት ጥሩ ስለሆነ ግልገሉ ሁሉ ጥሩ አይሆንም።

አሁን ወደ በቅሎው። «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለ» ይባላል። ተረቱ አህያውን ይደብቃል፣ ህዋሱ ግን አይደብቅም፤ 32 ክሮሞዞም ከፈረሷ፣ 31 ከአህያው፣ ድምሩ 63። ህዋሶቹ ለሰውነት እድገት ሲባዙ ምንም አይቸገሩም፤ ለዚያ አቻ መፈለግ አያስፈልግምና። ሚዮሲስ ላይ ሲደርሱ ግን የፈረሱ ክሮሞዞም የአህያውን አቻ በደንብ አያገኘውም፤ ጥንዱ ስለማይገጥም ክፍፍሉ እዚያው ይቆማል። በቅሎ መካን የሆነው በዚህ ነው።

ነገር ግን ወንድነት የሚያመጣው ሆርሞን የሚመነጨው በቱቦዎቹ መካከል ካሉ ሌሎች ህዋሳት ነው። እነሱ ሚዮሲስ ቢቆምም ሥራቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ወንድ በቅሎ ዘር የለውም፣ ጉልቤነት ግን አለው፤ ይናከሳል፣ ይራገጣል፣ ባዝራ ያሳድዳል። ዘመድህ ሊያኮላሽ የተነሳው ይህን እንጂ ዘሩን አይደለም። እሱም ልክ ነው፣ ጎረቤቱም በቅሎውን መካን ማለቱ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን አስታውሰው፤ የሚያኮላሹት ወጠጤ ወይም ኮርማ ከሆነ አስቀድሞ የወጣ ዘር በመተላለፊያው ስለሚቆይ ለጥቂት ሳምንታት ከሴቶቹ ይለዩት።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። አንድ ልጨምር። «መካን» በሰው ሲነገር በእኛ አገር ወዲያው የምትታየው ሴቷ ናት። ወንድስ ይባላል?

የባዮሎጂ መምህር፦

ይባላል፤ ሊባልም ይገባል። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ሲመረመሩ ችግሩ የወንዱ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከ500 እስከ 1000 ወንዶች አንዱ አንድ ኤክስ ተጨምሮበት በ47 ክሮሞዞም ይወለዳል፤ ይህ ጭማሪ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአባቱ ወይም ከእናቱ ሚዮሲስ ጥንዱ ሳይለያይ በመቅረቱ ነው። ጺም ሊያበቅል፣ ትዳር ሊይዝ ይችላል፤ ዘሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ይህን የሚያሳየው ቀላል የዘር ምርመራ ነው። ሚስት ለዓመታት ጠበል ለጠበል ስትንከራተትና የአማቶቿን አፍ ስትችል ባል አንድ ቀን ሳይመረመር መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ከሞላሌ፦

እውነት ነው መምህር። ታዲያ ወልዶ ከብዶ ሲያበቃ ሐኪም ቤት ሄዶ የዘር መተላለፊያውን ያስቋጠረውን ሰው ምን እንበለው? መካንም አይደለም፣ ስልብም አይደለም።

የባዮሎጂ መምህር፦

አይደለም። ሚዮሲሱ እንደ ድሮው ይቀጥላል፣ ሆርሞኑም አይነካም፤ መውጫው ብቻ ነው የተዘጋው፣ ዘሩን ሰውነቱ መልሶ ይመጠዋል። «ተኮላሸ» ማለት ሰውየውን መሳደብ ነው፤ ብዙ ወንዶች ይህን የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚሸሹትም ቃሉን ከከብቱ ጋር ስለሚያያይዙት ይመስለኛል። እኔ በክፍል ውስጥ «የዘር ቱቦው የተቋጠረ» እላለሁ። ያጠረ የተሻለ ቃል ያለው ካለ እዚህ ይጻፍልን።